መሃል ላይ የቆመ የኮንቨርቲብል ጣሪያ፦ ይታደስ፣ ይቀየር ወይስ ተዘግቶ ይቅር?

የኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና፣ ጣሪያ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ መሃል ላይ ቀጥ ሲል ባለቤቱ ቀድሞ የሚጠይቀው «ፓምፑ ስንት ይሸጣል?» ብሎ ነው። ድምፅ የሚያሰማው ፓምፑ ስለሆነ ጥፋቱም ሁሉ የእሱ ይመስላል። ጣሪያውን የሚያነሱትና የሚያወርዱት ግን ባትሪ፣ ስዊች፣ ሽቦ፣ ዘይት፣ ሲሊንደር፣ መቆለፊያና ኮምፒውተር ተቀባብለው ነው፤ አንዱ ሲለግም ሌሎቹ ደህና ሆነው ሳለ ይቆማሉ። ስለዚህ አማራጮችን ማወዳደር የሚቻለው ጣሪያው እንዴት እንደቆመ ከታወቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚገዛ ዕቃ ቁማር ነው።

መጀመሪያ ይዘጋ

ጥገናው ነገም ይደርሳል፤ ዝናብና ሌባ ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። ጣሪያውን ለመዝጋት ሁለት ትክክለኛ መንገዶች አሉ፣ አንድ ደግሞ መንገድ የሚመስል ጥፋት አለ።

የመጀመሪያው ለኤሌክትሪኩ ጉልበት መስጠት ነው። ሞተሩን አስነስተው፣ ካልሆነም ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ተቀብለው፣ የጣሪያውን ማዘዣ ሳይለቁ ይጫኑ። አልዘጋም ካለ ወደ መክፈቻው ጥቂት መልሰው እንደገና ይሞክሩ፤ እንዲህ ወደ ኋላ ሲባል ተላቆ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ደጋግሞ መጫን ግን አይጠቅምም። ፓምፑ ብዙ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ የሙቀት መከላከያው ያጠፋዋል። ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፎ መመለስ ይሻላል።

ሁለተኛው በእጅ መዝጋት ነው። ቅደም ተከተሉ ከመኪናው ጋር በሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሌላ መኪና ምክር ተቀድቶ አይሠራበትም። ፍሬ ነገሩ ግን ይመሳሰላል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ጣሪያ ከሆነ ፓምፑን ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ዕቃ መጫኛው የጎን ሽፋን ወይም ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ተደብቋል። ብዙዎቹ ፓምፖች ላይ ግፊት የሚያስተነፍስ ብሎን አለ። እሱ ሲላላ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የታመቀው ዘይት መመለሻ ያገኛል፣ ጣሪያውም ለእጅ ይታዘዛል። ብሎኑ ይላላል እንጂ አይወጣም፤ ጨርሶ ከወጣ ዘይቱ ምንጣፉ ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ሰው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆኖ፣ እኩል ያነሳሉ። በመጨረሻም ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው መቆለፊያ ይቆለፋል፤ ብዙ መኪኖች ለዚህ ባለስድስት ማዕዘን መፍቻ የሚገባበት ቀዳዳ አላቸው። መቆለፊያው ሳይያዝ መንዳት አይታሰብም፤ ንፋስ ከሥሩ ከገባ ጣሪያውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል።

ከዘጉ በኋላ ያንን ብሎን መልሰው ያጥብቁት። ላልቶ ከቀረ በሚቀጥለው ጊዜ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ጣሪያው ግን ንቅንቅ አይልም። ደህናው ፓምፕ «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ በዚህች ብሎን ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ግፊቱ ሳይለቀቅ በጉልበት መግፋት ነው። ክፈፉ ይጠማዘዛል፤ የተጠማዘዘ ክፈፍ ለማቃናት የሚወጣው ልፋት ደግሞ ከየትኛውም ፓምፕ ይበልጣል። አማራጭ አድርገው አይቁጠሩት።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ግማሽ የተነሳውን ጣሪያ በጠንካራ እንጨት ሳይደግፉ እጅዎን ከመጋጠሚያዎቹ መሃል አያስገቡ። በተለይ የብረት ጣሪያ ከባድ ነው፣ ግፊቱ ሲለቀቅም ባንዴ ይወርዳል።

ብር የማይጠይቁት ምክንያቶች

ጣሪያውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ነገር ይጠይቃል፤ አንዱ ካልተሟላ ዝም ይላል። የዕቃ መጫኛው ክዳን በትክክል መዘጋት አለበት። ጣሪያው የሚታጠፍበትን ቦታ ከሻንጣዎች የሚለየው መጋረጃ ወይም ክፍልፋይ ተዘርግቶ መያያዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው መርሰዲስ ኤስኤልኬ ለምሳሌ ይህ መጋረጃ ካልተሳበ ጣሪያውን አያንቀሳቅስም፤ ጣሪያው በሚታጠፍበት ቦታ ሻንጣ ካለ ጣሪያውም ሻንጣውም ይጎዳሉና። የመኪናው ፍጥነት፣ የውጭው ብርድ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የፍሬን ፔዳል መረገጡም ይቆጠራል።

ባትሪው ለብቻው መነሳት ያለበት ነው። ያረፈ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ማስነሳት መቻሉ ብቻ ለጣሪያው ዋስትና አይሆንም፤ ፓምፑ ሲነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ቮልቱ በዚያች ቅጽበት ሲወድቅ ኮምፒውተሩ ሥራውን ያቋርጣል። ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ባትሪው ላይ አድርገው ሌላ ሰው ማዘዣውን ሲጫን ቁጥሩን ይከታተሉ። መኪናው ጠፍቶ ሳለ የሚቆመው ጣሪያ ሞተሩ ሲነሳ ያለ ችግር የሚያልፍ ከሆነ ምርጫው ጣሪያ መጠገን ሳይሆን ባትሪ መቀየር ነው።

ባትሪው ከተነቀለ ወይም ከተቀየረ በኋላ ደግሞ የጎን መስታወቶቹ ላይና ታች ወሰናቸውን ይረሳሉ። ብዙ ኮንቨርቲብሎች ጣሪያው ከመንቀሳቀሱ በፊት መስታወቶቹ ጥቂት መውረዳቸውን ስለሚጠብቁ ወሰኑን የረሳ መስታወት ጣሪያውን ያግደዋል። መስታወቱን እስከ ላይ ወስዶ ማዘዣውን ለጥቂት ሰከንድ አለመልቀቅ፣ እስከ ታችም አውርዶ እንደዚያው ማድረግ በብዙዎቹ ላይ ይመልሰዋል።

አቋሙን ማንበብ

እስካሁን ያልተፈታ ከሆነ ጣሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይዘዙትና በጥሞና ይመልከቱ፣ ያዳምጡም።

ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው፦ ፊዩዝ፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ብዙውን የሚያስተላልፍ ማብሪያ)፣ ማዘዣው ራሱ፣ ወይም ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው ሌላ ምልክት። ሲሊንደር ስለመቀየር ማሰብ ገና ነው። ይከፍታል ግን አይዘጋም (ወይም በተቃራኒው) ከሆነ ሪሌዎቹን ይጠርጥሩ። በብዙ መኪኖች ፓምፑ በሁለት አቅጣጫ የሚዞር ሞተር ነው፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫም የራሱ ሪሌ አለው። ሪሌዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቦታ አለዋውጦ መሞከር ምርመራውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ፓምፑ ድምፅ እያሰማ ጣሪያው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል፣ አየር ገብቷል፣ ያ ብሎን ላልቷል ወይም መቆለፊያው አልተላቀቀም። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ በዚያ ደረጃ ላይ «ደርሻለሁ» ማለት ያለበት ስዊች ወይም ሴንሰር አልተናገረም። ቆሞ የሚገኘው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከሆነ ደግሞ ደካማ ባትሪ ወይም በማጠፊያ በኩል የተበጠሰ ሽቦ ይፈለጋል። አንዱ ጎን ቀድሞ ሌላው የሚጎተት ከሆነ ወዲያውኑ ያቁሙ። እዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ክፈፉን ሊያበላሽ ይችላል።

ዘይት፦ መሙላት፣ ማደስ ወይስ አዲስ ሲሊንደር

የሃይድሮሊኩ ሥርዓት ዝግ ነው፤ ዘይት እንደ ነዳጅ አይበላም። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው። መሙላት ጥገና የሚሆነው ለአንድ ዓላማ ብቻ ነው፦ ጣሪያውን አንቀሳቅሶ ፍሳሹ ከየት እንደሆነ ለማየት።

ለዚህም ትክክለኛው ዘይት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የነበሩት ፎርድ ሙስታንጎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማሉ፤ የአውሮፓ መኪኖች ብዙዎቹ ለይተው የሚያዙት የሃይድሮሊክ ዘይት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነበሩ አንዳንድ የአሜሪካ ኮንቨርቲብሎች ደግሞ የፍሬን ዘይት ነበር የሚጠቀሙት፤ ይህ ዘይት ቀለም ይልጣል። አንዱን በሌላው መተካት ላስቲኮቹን ያሳብጣል ወይም ያደርቃል፣ ከዚያ በፊት አንድ የነበረው ፍሳሽ አምስት ይሆናል። መጠኑም መመሪያው በሚለው አቋም ላይ ነው የሚለካው፤ ጣሪያው ክፍት ሲሆንና ዝግ ሲሆን በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ዘይት ስለሚለያይ ማጠራቀሚያው ላይ የሚታየውም ይለያያል። «ፍሳሽ አቁም» የሚባለው ፈሳሽ በጠርሙስ ተሸጦ ሲመጣ ይለፍዎት። ላስቲክ አሳብጦ ለጊዜው ይደፍናል፣ ኋላ ግን ደህና የነበሩትን ላስቲኮች ጭምር ያበላሻል።

ፍሳሹ ሲገኝ ነው ዋናው ምርጫ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2001 የተሠራው መርሰዲስ ኤስኤል አር129 ጥሩ ምሳሌ ነው። ጣሪያውን፣ ክዳኑንና መቆለፊያዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ከአሥር የሚበልጡ ሲሊንደሮች አሉት። ሲያረጅ ከሚታወቁት ምልክቶቹ አንዱ ከፊት መስታወቱ በላይ ካሉት የመቆለፊያ ሲሊንደሮች የሚንጠባጠብ ዘይት ነው፤ የፀሐይ መከላከያው ጠርዝ ላይ ይጠራቀምና በሹፌሩ ጭን ላይ ያርፋል። ብረቱ ምንም አልሆነም። ያለቀው ውስጡ ያለው የላስቲክ ቀለበት ነው።

እንዲህ ባለው ጊዜ የእኔ ምርጫ ያለ ማመንታት ማደስ ነው። ሲሊንደሩ ይወጣል፣ በዚህ ሥራ ወደሚታወቅ ባለሙያ ይሄዳል፣ ተከፍቶ ከመጀመሪያው የተሻለ ዕድሜ ያለው ላስቲክ ይገባለታል። ከአዲስ ሲሊንደር እጅግ ይረክሳል፣ ውጤቱም አያንስም። ጉዳቱ ጊዜ ነው፤ ሲሊንደሩ እስኪመለስ ጣሪያው ተዘግቶ ይቆያል። አንድ ነገር ግን ቀድሞ መታየት አለበት፦ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ዘንግ። ጥፍርዎን በላዩ ላይ ሲያንሸራትቱ የሚይዝ ጭረት ወይም ዝገት ካለ አዲሱን ላስቲክ በአጭር ጊዜ ይቆራርጠዋል። ያኔ አዲስ መግዛት ይሻላል።

ያገለገለ ሲሊንደርስ? አይመከርም። ከሌላ መኪና የተፈታው ሲሊንደር የእርስዎን ያህል ያረጀ ላስቲክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ያላፈሰሰው መኪናው ቆሞ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ለመታደስ ከሆነ ብቻ መግዛት ያስኬዳል።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማሳደስ ወይስ ያፈሰሰውን ብቻ? ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ባሉት ቀላል ጣሪያ ላይ ሁለቱም አብረው ይሠሩ። እንደ አር129 ባለው ላይ ግን ልፋቱን ያስቡ፦ ሽፋኖችን ፈትቶ አንዱን ማውጣት ከተቻለ በዚያው አካባቢ ያሉትን አብሮ ማውጣት ብልህነት ነው፣ በሌላ ጫፍ ያሉትን ደግሞ እስኪደርሱ መተው ይቻላል።

ፓምፑ በእርግጥ ከሞተ

ፓምፑ ጥፋተኛ መሆኑ የሚረጋገጠው ሽቦውን ነቅሎ በቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት ሲሰጡት ነው፤ ይህ ሲደረግ ጣሪያው መሰናክል እንደሌለበትና መቆለፊያው እንደተላቀቀ ይረጋገጥ፣ ከቅጽበት ላልበለጠ ጊዜም ይነካ። በቀጥታ ሲሰጠው ከዞረ ፓምፑ ደህና ነው፣ ችግሩ ከሱ በፊት ነው። ካልዞረ ሦስት ምርጫ አለ፦ ሞተሩን ማጽዳት፣ ያገለገለ ፓምፕ ወይም አዲስ።

እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 የተሠራው ቢኤምደብሊው ዜድ4 ኢ85 የዚህን ክፍል ትምህርት ለብቻው ይሰጣል። ፓምፑ የተቀመጠው ጣሪያው በሚታጠፍበት ቦታ በግራ በኩል፣ ከታች ጉድጓድ ውስጥ ነው። የጣሪያው ውኃ መውረጃ ቱቦ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውኃው እዚያ ጉድጓድ ይጠራቀማል፣ ፓምፑም ይሰምጣል። አዲስ ፓምፕ ገዝቶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ፣ ቱቦውን ሳያጸዱ መዝጋት ለሚቀጥለው ክረምት ቀጠሮ መያዝ ነው።

በዚህ መኪና ላይ ባለቤቶች የሚያመነቱት በሁለት አማራጭ መሃል ነው። አንደኛው ፓምፑን እዚያው መመለስ፤ ሁለተኛው ቱቦዎቹንና ሽቦዎቹን አዙሮ ፓምፑን ወደ ዕቃ መጫኛው ማምጣት። የቀድሞው ቦታ የፋብሪካውን አሠራር ይጠብቃል፣ ግን ለመድረስ ጣሪያውን በከፊል መፍታት ይጠይቃል፣ ውኃውም አይቀርለትም። ማዛወሩ ጥቂት የሻንጣ ቦታና የሽቦ ሥራ ያስከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፓምፑ በደረቅ ቦታ፣ በእጅ በሚደረስበት ሁኔታ ይቀመጣል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሽቦውን የሚያራዝመው ሰው መገናኛዎቹን በደንብ የሚያሽግ ከሆነ ነው ታዲያ።

ውኃ ያልገባበት፣ በዕድሜ ብቻ የደከመ ሞተር ሲከፈት ውስጡ በካርቦን ብናኝ የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ማጽዳትና ካርቦኑን መቀየር ብዙ ጊዜ ያነሳዋል። ያገለገለ ፓምፕ መግዛት ደግሞ ከያገለገለ ሲሊንደር ይለያል፤ ከመግዛት በፊት 12 ቮልት ሰጥቶ በሁለቱም አቅጣጫ ሲዞር መስማት ስለሚቻል አደጋው አነስተኛ ነው። የዕቃው ቁጥር ግን ከራስዎ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የውጭ መልኩ አንድ ሆኖ የውስጥ ቫልቩ የሚለያይ አለ።

ሽቦና ሴንሰር፦ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው

ጣሪያ ላይ ሽቦ ማብዛት አዲስ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 የተሠራው ፎርድ ስካይላይነር የብረት ጣሪያውን ያለ ምንም ዘይት፣ በኤሌክትሪክ ሞተሮች ብቻ ነበር የሚያጥፈው፤ ለዚህም 610 ጫማ፣ ማለትም 186 ሜትር ያህል ሽቦና 10 የወሰን ስዊቾች ነበሩት። የዛሬዎቹ ሽቦውን በኮምፒውተር ቀነሱት እንጂ የስዊቹ ነገር ያው ነው።

ሽቦ የሚበጠሰው በሚታጠፍበት ነው። የዕቃ መጫኛውን ክዳን ይክፈቱና ከማጠፊያው አጠገብ ያለውን የላስቲክ ቱቦ ወደ ኋላ ይግፉት። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፉ ኖረዋል። ልባሳቸው ተሰንጥቆ መዳቡ ብልጭ የሚል፣ አንዳንዴም ልባሱ ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ይገኛል፤ ይህን የመጨረሻውን በዓይን አያገኙትም፣ በሁለት ጣት ይዞ ሳብ ሲያደርጉት እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ መዳቡ የለም። ጥገናው ላይ ምርጫው ብየዳ ወይስ ልዩ መገጣጠሚያ ነው። በሚታጠፍበት ቦታ ላይ በቆርቆሮ የተበየደ ሽቦ ይደርቅና ከብየዳው ጫፍ ይበጠሳል። ስለዚህ የተጎዳውን ክፍል በሙሉ ቆርጦ በሲሊኮን የተለበጠ ለስላሳ ሽቦ ማስገባት፣ መገናኛዎቹንም ከመታጠፊያው ውጭ ማድረግ ነው የሚበጀው። ርካሽ ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስዊቾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ትንሿ የምትጫን ስዊች በአቧራና በእርጥበት ትደነዝዛለች፤ ማጽዳት አንዳንዴ ያድናታል፣ ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ግን አንዴ ከተደረሰባት መቀየር ይሻላል። በማግኔት የሚሠራው ሴንሰር ደግሞ የሚነካካ ነገር የለውም፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ማግኔቱ ወይም መያዣው ከቦታው ፈቀቅ ማለቱ ነው፣ ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት ይስተካከል።

የትኛው ስዊች እንደሆነ ለማወቅ ጣሪያውን ሁሉ መፍታት አያስፈልግም። በኮምፒውተር ማስመርመር ይቀድማል፣ ነገር ግን በየትኛው ኮምፒውተር የሚለው ይለያያል። ርካሹ የኦቢዲ-2 (የስህተት ኮድ) ማንበቢያ የሞተርንና የጭስን ጉዳይ ነው የሚያነበው፤ ስለ ጣሪያው «ስህተት የለም» ቢል አይመኑት፣ የጣሪያውን ኮምፒውተር ጭራሽ አልጠየቀውም። ለፎልክስዋገንና ለአውዲ ቪሲዲኤስ፣ ለቢኤምደብሊው ኢስታ፣ ለመርሰዲስ ዜንትሪ የመሳሰሉት የምርመራ ፕሮግራሞች ናቸው ወደ ጣሪያው ኮምፒውተር የሚገቡት። ከስህተት ኮዱ ይልቅ የሚጠቅመው በቀጥታ የሚታየው የስዊቾች ዝርዝር ነው፦ ክዳኑን በእጅ ሲከፍቱ «ክዳን ክፍት» የሚለው ካልተለወጠ ጥፋተኛው ተያዘ።

ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማታለል የሚባል አቋራጭም አለ። ለኮምፒውተሩ «ክዳኑ ተከፍቷል» እያሉ ሁልጊዜ መዋሸት ማለት ነው። ክዳኑ በእውነት ያልተከፈተ ቀን ጣሪያው መስታወቱንና ክዳኑን ይዞ ይገጫል። የብረት ጣሪያ ላይ በፍጹም አይደረግም፤ በጨርቅም ቢሆን ጣሪያውን አንድ ጊዜ ለመዝጋት ካልሆነ በቀር።

የጣሪያው ኮምፒውተር ራሱ በመጨረሻ ነው የሚጠረጠረው። ውኃ የገባበት ምልክት ወይም የተቃጠለ ሽታ ከሌለው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ እስኪያልቅ ይተውት። ያገለገለ ኮምፒውተር መግጠም ከመኪናው ጋር በሶፍትዌር ማስማማት ስለሚጠይቅ ርካሽነቱ የሚያታልል ነው።

ዘይት የሌላቸው ጣሪያዎች

ፖርሽ ቦክስተር 986 ጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው በአንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ከሞተሩ በግራና በቀኝ የሚዞር ገመድ ወጥቶ በየጎኑ ያለውን ማርሽ ያዞራል። እዚህ የሚሰበረው የመግፊያ ዘንጉን ጫፍ የሚይዘው የፕላስቲክ ጉልላት ነው፣ ወይም አንዱ ገመድ ያልቅና ጣሪያው በአንድ ጎን ብቻ ይጓዛል። ፕላስቲኩን ብቻ መቀየር ዘንጉን በሙሉ ከመቀየር ይረክሳል፤ ዘንጉ ካልታጠፈ በቂም ነው። በብረት ጉልላት መተካት ግን ብዙም አያጓጓኝም። ጣሪያው የሆነ ነገር ሲያግደው ፕላስቲኩ ካልተሰበረ ጫናው ወደ ማርሹና ወደ ክፈፉ ይሄዳል።

ገመድ ወይም ማርሽ ሲቀየር ሁለቱ ጎኖች በትክክል እኩል ቦታ ላይ ሆነው ካልተገጠሙ ጣሪያው ራሱን ይጠመዝዛል። ይህን ማስተካከል ራስዎ ሊሠሩት ከሚችሉት ሥራ ድንበር ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚሠራው የማዝዳ ኤምኤክስ-5 የብረት ጣሪያም ላይ እንደዚሁ፤ ሞተሩን መቀየር ሳይሆን አቋሙን ማስተካከሉ ነው ዋናው ሥራ።

የጨርቅ ጣሪያ ላይ ደግሞ አንድ ርካሽ ነገር አይዘንጋ። ጨርቁን ሲታጠፍ ወደ ውስጥ የሚስቡ የላስቲክ ማሰሪያዎች አሉ። ሲረግቡ ጨርቁ በክፈፉ መጋጠሚያ ይያዝና ጣሪያው በመሃል ይቆማል፣ ቀጥሎም ይቀደዳል። ማሰሪያው በሰዓቱ ቢቀየር ጨርቁ ይተርፋል።

ማን ይሥራው

የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ሶፍትዌሩ፣ የአሠራር ሰነዱና ማስተካከያው በእጁ ነው። መኪናው አዲስ ከሆነና ዋስትና ካለው ሌላ ቦታ መሄድ ዋስትናውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ዕድሜው ለገፋ መኪና ግን ወኪሉ የማደስ ልማድ የለውም፤ ሲሊንደር ካፈሰሰ ሲሊንደር፣ ፓምፕ ከለገመ ፓምፕ በሙሉ ይቀየራል፣ ሂሳቡም አንዳንዴ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይፎካከራል።

የኮንቨርቲብል ጣሪያ ባለሙያ ከተገኘ ለሃይድሮሊክና ለክፈፍ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ደግሞ ለሽቦ፣ ለስዊችና ለሪሌ ከሁሉም ይቀድማል፤ ዘይት ላይ ግን ባይነካው ይሻላል። ወደ ማንኛውም ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ከመቀየርህ በፊት እንዴት ታረጋግጣለህ?» ቴስተር፣ የስዊች ዝርዝር ወይም ቀጥታ 12 ቮልት ብሎ የሚመልስ ሰው ያውቃል። «ብዙ ጊዜ ፓምፑ ነው» ካለ መኪናዎን ይዘው ይመለሱ።

ራስዎ መሥራት የሚያዋጣው ባትሪ፣ ፊዩዝ፣ ሪሌ፣ ማጠፊያ ሽቦ፣ የዘይት መጠን፣ የውኃ መውረጃ ማጽዳትና የጨርቅ ማሰሪያ ላይ ነው። ሲሊንደር ማውጣትም ይቻላል፣ ግፊቱ ከተለቀቀና ጣሪያው ከተደገፈ። ገመድ ማስተካከልና የብረት ጣሪያ ክፍሎችን ማገጣጠም ግን አይደለም፤ እንደ ፎልክስዋገን ኢኦስ ያለው ጣሪያ አምስት ክፍል ነው፣ የአንዱ ጥቂት ሚሊሜትር መዛነፍ መስታወት ሊሰብር ወይም ውኃ ሊያስገባ ይችላል።

ዘግቶ መተው

ይህን አማራጭ ጋራዥ ውስጥ የሚነግርዎት የለም፣ ግን ሕጋዊ አማራጭ ነው። መኪናው አሮጌ ከሆነ፣ ጣሪያውን የሚከፍቱት ከስንት አንዴ ከሆነ፣ ጥገናው ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚወዳደር ከሆነ ጣሪያውን በደንብ ቆልፎ መንዳት ያስኬዳል። በዘይት የሚሠራ ቀላል የጨርቅ ጣሪያ ከሆነ እንዲያውም ሲሊንደሮቹን አስወጥቶ ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚታጠፍ ማድረግ ይቻላል፤ ለከባድ የብረት ጣሪያ ግን ይህ አይሆንም።

ዘግተው ከተዉት የጣሪያውን ፊዩዝ ያውጡ፤ ልጅ ወይም የመኪና አጣቢ ማዘዣውን ቢነካ ግማሽ የተበላሸ ጣሪያ እየተንቀሳቀሰ እንዳይገኝ። በመኪናዎ ላይ ይኸው ፊዩዝ ሌላ ነገር የሚያገለግል መሆኑን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ዘይት እያፈሰሰ የቆመ ከሆነ ፍሳሹ የሚያርፍበትን ቦታ ይጥረጉ፣ ምንጣፍና ቀለም ያበላሻል። የጠርዝ ላስቲኮቹን በሲሊኮን ቅባት ማለስለስና የውኃ መውረጃዎቹን ማጽዳት ሁለቱም ይቀጥላሉ፤ የማይከፈት ጣሪያም ያፈሳል። ሲሸጡ ደግሞ ለገዢው «አይከፈትም» ብለው በግልጽ ይንገሩት፣ የእጅ መዝጊያውን መፍቻና መመሪያ መጽሐፉንም ከመኪናው ጋር ይስጡት።